ተማሪዋ ልክ ናት፦ ስለ አዮኖች መጠን ለአንድ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ በአንድ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ስንሄድ መጠን ይቀንሳል፣ ከላይ ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ ይጨምራል ብዬ አስተማርኩ። አንዲት ተማሪ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው የአዮኖች ሠንጠረዥ የሶዲየም አዮን ሬዲየስ 102፣ የክሎራይድ ደግሞ 181 ፒኮሜትር መሆኑን አሳየችኝና ‹ታዲያ ለምን ጨመረ?› አለችኝ። አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። ይባስ ብሎ ለዚያው ለሶዲየም አዮን አንዱ መጽሐፍ 95፣ ሌላው 102፣ ሦስተኛው 116 ይላል። የትኛውን ላስተምር?»

መምህር፣ አስቀድመው ለተማሪዋ ልክ መሆኗን ይንገሯት። ያነበበችው ቁጥር ትክክል ነው፤ ጥያቄዋም በዚህ ርዕስ ላይ ሊጠየቅ ከሚችለው ሁሉ ዋናው ነው። እርስዎም የተሳሳተ ነገር አላስተማሩም። ነገር ግን የእርስዎ ሕግ የአቶሞች ሕግ ነው፤ እሷ የያዘችው ደግሞ የአዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን የጣሉ ወይም የተቀበሉ አቶሞች፣ ሠንጠረዥ ነው። (ፒኮሜትር የሜትር ትሪሊዮንኛ ክፍል ነው።)

ከሶዲየም እስከ ክሎሪን ያሉት አቶሞች የውጭ ኤሌክትሮኖቻቸውን ሁሉ የያዙት በሦስተኛው የኃይል እርከን ላይ ነው። አንድ ቤት ወደ ቀኝ በተጓዝን ቁጥር በኒውክለሱ ውስጥ አንድ ፕሮቶን ይጨመራል። አብሮ የሚጨመረው ኤሌክትሮን ግን እዚያው እርከን ላይ ስለሚቀመጥ ጓደኞቹን ከኒውክለሱ ስበት በሚገባ ሊከልላቸው አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ አቶሙም ይኮማተራል። አዮን ሲሆኑ ግን ረድፉ ለሁለት ይሰነጠቃል። በግራ በኩል ያሉት ሶዲየም፣ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ሦስተኛውን እርከን ሙሉ በሙሉ ለቅቀው ይወጣሉ፤ የሚቀራቸው የመጨረሻ እርከን ሁለተኛው ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ሰልፈርና ክሎሪን ደግሞ ተጨማሪ ኤሌክትሮን ተቀብለው በሦስተኛው እርከን ያሉትን ስምንት ያደርሳሉ። ቁጥሮቹን በተርታ ያንብቧቸው፦ 102፣ 72፣ 53.5፤ ከዚያ በድንገት 184 እና 181። ሁለት ቁልቁለቶች ናቸው፣ በመካከላቸው አቀበት አለ። ተማሪዋ ያነጻጸረችው በመጀመሪያው ቁልቁለት አናት ላይ ያለውን በሁለተኛው ግርጌ ካለው ጋር ነው።

በመሃል ያሉትን ሲሊከንንና ፎስፈረስን የዘለልኳቸው ሆን ብዬ ነው። ኤሌክትሮን ከመጣልም ሆነ ከመቀበል ይልቅ መጋራት ይቀናቸዋል። ሠንጠረዦች ለሲሊከን 40 ፒኮሜትር ይሰጡታል፤ ሆኖም አራት ኤሌክትሮን የጣለ ራቁት የሲሊከን አዮን ለብቻው ተገኝቶ የተለካ ለተማሪዎችዎ አይምሰላቸው።

አሁን ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ቢወስዱበት የማይቆጭዎትን ላሳይዎት። ኦክሳይድ (የኦክስጅን አዮን)፣ ፍሎራይድ (የፍሎሪን አዮን)፣ ሶዲየም፣ ማግኒዥየም፣ አሉሚኒየም፦ እነዚህ አምስት አዮኖች እያንዳንዳቸው ልክ 10 ኤሌክትሮን አላቸው። የኤሌክትሮኖቹ አቀማመጥም አንድ ነው፤ ሁለቱ ከውስጥ፣ ስምንቱ ከውጭ። የሚለያቸው የፕሮቶን ብዛት ብቻ ነው፦ 8፣ 9፣ 11፣ 12፣ 13። ሬዲየሳቸው 140፣ 133፣ 102፣ 72፣ 53.5 ፒኮሜትር ነው። ስበቱን በእጅ ማስላት ይቻላል። ጆን ስሌተር በ1930 ባወጣው ቀላል ደንብ መሠረት አንድን የውጭ ኤሌክትሮን አብረውት ያሉት ሰባት ጓደኞቹ እያንዳንዳቸው 0.35፣ ከውስጥ ያሉት ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 0.85 ያህል ከኒውክለሱ ይከልሉታል። ሰባት ጊዜ 0.35 ሲባዛ 2.45፣ ሁለት ጊዜ 0.85 ሲባዛ 1.7፤ ድምሩ 4.15። ይህ ቁጥር ለአምስቱም አንድ ነው፣ ምክንያቱም የኤሌክትሮኖቹ ቤት አንድ ነው። እንግዲህ ከፕሮቶኑ ብዛት ላይ መቀነስ ብቻ ይቀራል፦ ኦክሳይድ ላይ ያለው የውጭ ኤሌክትሮን የሚሰማው ስበት 3.85፣ ፍሎራይድ ላይ 4.85፣ ሶዲየም ላይ 6.85፣ ማግኒዥየም ላይ 7.85፣ አሉሚኒየም ላይ 8.85። ያው 10 ኤሌክትሮን ከእጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ሲጎተት ያያሉ። ተማሪዎች ይህንን ስሌት በራሳቸው ብዕር ከሠሩት በኋላ «ለምን ትንሽ ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማንሳት አለብኝ። ብዙ የማስተማሪያ ሥዕሎች የክሎሪንን አቶም በ99፣ የክሎራይድን አዮን በ181 ሥለው «አንድ ኤሌክትሮን ሲጨመር መጠኑ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው» ይላሉ። 99 ግን በክሎሪን ሞለኪውል ውስጥ ተጣብቀው ኤሌክትሮን የሚጋሩት የሁለት አቶሞች ርቀት ግማሽ ነው። 181 ደግሞ ከባዕድ አዮን ጋር ሲነካካ የሚይዘው ስፋት ነው። ክሎሪን ካልተጣበቀው ጎረቤቱ ጋር ሲጠጋጋ የሚለካው ሬዲየስ 175 ፒኮሜትር አካባቢ ነው፤ ከ181 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሉታዊ አዮን ከአቶሙ ይበልጣል የሚለው እውነት ነው፤ እጥፍ ሆነ የሚለው ግን ክንድን ከስንዝር ጋር ማስተካከል ነው።

ከላይ ወደ ታች ያለው መንገድ ቀላል ስለሆነ አልቆይበትም። ሊቲየም 76፣ ሶዲየም 102፣ ፖታሲየም 138፣ ሩቢዲየም 152፣ ሲዚየም 167፤ በወረድን ቁጥር አንድ እርከን ይጨመራል። በሃሎጅኖቹም ያው ነው፦ ፍሎራይድ 133፣ ክሎራይድ 181፣ ብሮማይድ 196፣ አዮዳይድ 220።

ወደ ሦስቱ ቁጥሮች ልምጣ፤ 95፣ 102፣ 116። ሦስቱም የተሳሳቱ አይደሉም። ይህን ለማየት ወጥ ቤት ሄደው አንድ የጨው ቅንጣት ያንሡ። በኤክስሬይ ሲታይ የጨው ክሪስታል ሶዲየምና ክሎራይድ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ኩብ ነው፤ የአንዱ ተደጋጋሚ ኩብ ጎን 564 ፒኮሜትር ነው። ግማሹ፣ ማለትም 282 ፒኮሜትር፣ ከሶዲየሙ መሃል እስከ ክሎራይዱ መሃል ያለው ርቀት ነው። በመሣሪያ የተለካው ይኸው ብቻ ነው። ሶዲየሙ የት አልቆ ክሎራይዱ የት እንደሚጀምር የሚናገር አጥር በመካከላቸው የለም፤ የኤሌክትሮን ደመና እየሳሳ ሄዶ እንደገና ይወፍራል እንጂ። ስለዚህ 282ን ለሁለት የሚያካፍል ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ የመጽሐፎቹ ልዩነትም የሽማግሌዎቹ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው አልፍሬድ ላንዴ ነበር፣ በ1920። ሊቲየም አዮዳይድ ውስጥ ሊቲየሙ በጣም ትንሽ በመሆኑ አዮዳይዶቹ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ ብሎ አሰበ፤ ከሆነ በሁለት አዮዳይዶች መካከል ያለውን ርቀት ለሁለት መክፈል ብቻ ይበቃል። ኩቡ 600 ፒኮሜትር ስለሆነ በሰያፍ ያለው የሁለት አዮዳይዶች ርቀት 424፣ ግማሹም 212 ይመጣል። ይህ ሐሳብ ዛሬም ያስደስተኛል፤ ሌላ ምንም ሳይገመት አንድ አዮን ብቻውን የተለካበት ብልሃት ነውና። ላይነስ ፖሊንግ በ1927 ሌላ መንገድ ያዘ፦ እኩል ኤሌክትሮን ባላቸው ሁለት አዮኖች መካከል ያለውን ርቀት ከላይ እንዳሰላነው ዓይነት ስበት መሠረት አካፈለ። ለሶዲየም 95 የሚለው መጽሐፍዎ የፖሊንግን ድርሻ ነው የያዘው። በኋላ ሮበርት ሻነን ብዙ ክሪስታሎችን ሰብስቦ፣ በተለይ ኦክሳይዶችንና ፍሎራይዶችን፣ በ1976 እስካሁን በብዛት የምንጠቀምበትን ሠንጠረዥ አወጣ። ሻነን ራሱ ሁለት ዓይነት ቁጥር ሰጥቷል። በአንደኛው ኦክሳይድ 140 ነው ብሎ ይነሣል፤ ከዚያ ሶዲየም 102 ይሆናል። በሁለተኛው ከእያንዳንዱ አሉታዊ አዮን 14 ቀንሶ ለእያንዳንዱ አዎንታዊ አዮን 14 ይጨምራል፤ ከዚያ ሶዲየም 116፣ ክሎራይድ 167 ይሆናል። 102 ሲደመር 181 ምን ያህል ነው? 283። 116 ሲደመር 167ስ? እሱም 283። አጥሩ ተንቀሳቀሰ፣ መሬቱ ግን ያው ነው። ከኤሌክትሮን ጥግግት ልኬት ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ሁለተኛው ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው ደግሞ የመጀመሪያው ነው።

ከላይ በሠራነው የ10 ኤሌክትሮኖች ተርታ ላይ ይሞክሩት። በመጀመሪያው አቆጣጠር ከፍሎራይድ ወደ ሶዲየም የ31 ፒኮሜትር ትልቅ ዝላይ አለ። በሁለተኛው ፍሎራይድ 119፣ ሶዲየም 116 ስለሚሆን ዝላዩ ወደ 3 ይወርዳል! የዝላዩ አብዛኛው ክፍል የአጥሩ ነበር እንጂ የተፈጥሮ አልነበረም። ቅደም ተከተሉ ግን በሁለቱም አንድ ነው፤ ተማሪዋ ያየችው የሶዲየምና የክሎራይድ ልዩነትም በሁለቱም ይጸናል። ስለዚህ ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው፦ 102ን ያስተምሩ፣ ነገር ግን ከአንድ ሠንጠረዥ የተወሰደን ቁጥር ከሌላ ሠንጠረዥ ቁጥር ጋር በፍጹም እንዳይደምሩ ያስጠንቅቋቸው። እኔ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ይህንን የሚነግረኝ አጥቼ የአንድን ሙሉ የቤተ ሙከራ ሪፖርት ስሌት በተቀላቀሉ ቁጥሮች ሠርቼ ነበር፤ ስሕተቱ የት እንደገባ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሌላም አለ። አዮን በስንት ጎረቤት እንደተከበበ መጠኑን ይለውጠዋል። ሶዲየም በአራት ጎረቤቶች መካከል 99፣ በስድስት መካከል 102፣ በስምንት መካከል 118 ነው። ጎረቤቶቹ ሲበዙ እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ሁሉም ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ከዚህ አንቀጽ በፊት የጠቀስኳቸው የሻነን ቁጥሮች ሁሉ የስድስት ጎረቤት ናቸው። ብረት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሁለት ኤሌክትሮን የጣለ የብረት አዮን፣ በዚያው በስድስት ጎረቤት እያለ፣ ኤሌክትሮኖቹ ተበታትነው ሲቀመጡ 78፣ ተጣምረው ሲቀመጡ 61 ፒኮሜትር ነው። ማክስ ፐሩትዝ በ1970 በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን፣ ላይ ያቀረበው ማብራሪያ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ ኦክስጅን የሌለው ብረት ከተቀመጠበት ቀለበት አፈንግጦ ይገኛል፤ ኦክስጅን ሲይዝ ጠቦ ወደ ቀለበቱ ይገባል፣ ሲገባም የፕሮቲኑን ክር ይጎትታል። በእያንዳንዱ እስትንፋሳችን ውስጥ ይህ የመጥበብና የመስፋት ነገር አለ ማለት ነው።

«ከላይ ወደ ታች ይጨምራል» የሚለው ሕግም የሚሰናከልበት ቦታ አለው፣ እሱም አገራችን ውስጥ ነው። በጉጂ የሚገኘው የቀንጢቻ ማዕድን በታንታለም የታወቀ ነው። ታንታለም ብቻውን አይመጣም፤ ናዮቢየም በዚያው ማዕድን ውስጥ አብሮት ይኖራል። ናዮቢየም 41 ፕሮቶን አለው፣ ከሥሩ ያለው ታንታለም 73። በሕጉ መሠረት ታንታለም በግልጽ መብለጥ ነበረበት። ነገር ግን አምስት ኤሌክትሮን ሲጥሉ ሁለቱም 64 ፒኮሜትር ናቸው! ምክንያቱ በመካከላቸው ያለው የላንታናይዶች ተርታ ነው። ከላንታነም እስከ ሉቴቲየም 14 ፕሮቶኖች ይጨመራሉ፤ አብረው የሚጨመሩት 14 ኤሌክትሮኖች ደግሞ ወደ ውስጠኛው አራተኛ እርከን ይገባሉ፣ በዚያም ሆነው የመከለል ሥራቸው እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ ሦስት ኤሌክትሮን የጣሉት አዮኖቻቸው ከ103.2 እስከ 86.1 ቀስ በቀስ ይጠብባሉ። ተርታው ሲያልቅ ታንታለም አንድ እርከን አግኝቶ የሚጨምረውን ያህል ኒውክለሱ ወደ ውስጥ ስቦታል፤ የተሰጠውና የተነጠቀው ተካካሰ። በማዕድኑ ክሪስታል ውስጥ ያለው ቦታ አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም፣ ቻርጃቸውም መጠናቸውም አንድ ነውና። ኬሚስቶችም ተሳስተው ነበር። ቻርልስ ሃቸት በ1801 ኮሎምቢየም ብሎ የሰየመውንና ኤከበርግ በ1802 ታንታለም ያለውን፣ ወላስተን በ1809 አንድ ናቸው አለ፤ ሁለት መሆናቸውን ሃይንሪክ ሮዘ ያሳየው በ1844 ነው። ሃፍኒየም ደግሞ ከዚርኮኒየም ጋር በ72 እና በ71 ፒኮሜትር ተመሳስሎ እስከ 1923 ድረስ ሳይታወቅ ኖሯል።

የመጨረሻው ምሳሌ ለእኔ የቅርብ ነው። ያደግኩት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች ከተማ ሲሆን የፊት ጥርሶቼ በልዘዋል። ልጅ ሳለን ቡናማ መስመሩን በአመድ ለማስለቀቅ እንፈትግ ነበር፤ መስመሩ ግን የጥርሱ አካል ነበርና አልለቀቀም። የጥርስና የአጥንት ማዕድን ካልሲየም፣ ፎስፌትና ሃይድሮክሳይድ የያዘ አፓታይት ነው። ሃይድሮክሳይድ 137፣ ፍሎራይድ 133 ፒኮሜትር ናቸው፤ ሁለቱም አንድ አሉታዊ ቻርጅ አላቸው። ፍሎራይድ መጥቶ የሃይድሮክሳይዱን ወንበር ሲይዝ ክሪስታሉ ምንም አይከፋውም፤ እንዲያውም በካልሲየሞቹ ሦስት ማዕዘን መሃል ልክ ይገጥማል፣ የተሠራውም ማዕድን ይበልጥ የማይሟሟ ነው። 181 የሆነው ክሎራይድ በዚያ መሃል መቀመጥ ስለማይችል ከሦስት ማዕዘኑ ወለል ወጥቶ ይቀመጣል። የጥርሱ መበለዝ ከዚህ መተካካት የበለጠ የተወሳሰበ ነው፣ ፍሎራይዱ ሲበዛ ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን) በሚሠራበት የልጅነት ዕድሜ ሥራውን ያውካልና። አጥንት ፍሎራይድን ለዓመታት የሚያከማችበት በር ግን ይኸው የአራት ፒኮሜትር ልዩነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ውሃውን ለማጣራት የሚያገለግለው የአጥንት ከሰልም የሚሠራው በዚያው ምክንያት ነው፤ ፍሎራይዱ በእኛ አጥንት ፈንታ የከብቱን አጥንት ያገኛል።

ለክፍልዎ አንድ የቤት ሥራ ልተውልዎ፣ በተለይ ለዚያች ተማሪ። በዳሎል ከሚገኙት ጨዎች አንዱ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ የኩቡ ጎን 629 ፒኮሜትር ነው። ለሁለት ትክፈለው፤ 314.5 ይመጣላታል። ከዚያ ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ታስቀምጥ። በፖሊንግ ፖታሲየም 133፣ ክሎራይድ 181፤ ድምሩ 314፣ ማለፊያ ነው። በሻነን 138 እና 181፤ ድምሩ 319፣ ከተለካው ይበልጣል። አሁን ወደ ወጥ ቤቱ ጨው ትመለስ፦ እዚያ ፖሊንግ 276 ብሎ ይስታል፣ ሻነን 283 ብሎ ያገኘዋል። ያንን የሚያህል ልዩነት ከየት እንደመጣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ትከራከር፤ የሻነን ቁጥሮች በአብዛኛው ከኦክሳይዶችና ከፍሎራይዶች መወሰዳቸውን የሚነግሯት ግን ክርክሩ ከሞቀ በኋላ ይሁን።